አንድ ኮድ፣ ሦስት ዓይነት ኮምፒውተር፦ 14 ወር ከላዛረስ ጋር

ፍኖተ ሰላም ተቀምጬ ለእህል ነጋዴዎች የመጋዘን ፕሮግራም እሠራለሁ። ደንበኞቼ ጥቂት ናቸው። ኮምፒውተሮቻቸው ግን አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። ቡሬ መጋዘኑ በር ላይ ያለው ዊንዶውስ 7 ነው፤ ባለ 32 ቢት (ከአሁኖቹ ባለ 64 ቢት የቀደመው ዓይነት)፣ ራሙ 2 ጊጋባይት፣ ኪቦርዱ መሃል የበቆሎ ብናኝ የገባበት። እዚህ ቢሮ ያለው ዊንዶውስ 10 ነው። ደብረ ማርቆስ ያሉት ደግሞ የፍላሽ ቫይረስ አሰልችቷቸው ላፕቶፑ ላይ ሊኑክስ አስጭነዋል። ሁሉም የሚፈልጉት ያንኑ ፕሮግራም ነው። ኢንተርኔት አለ ብሎ ተማምኖ መሥራት ደግሞ እዚህ አያዋጣም።

ላዛረስንና ፍሪ ፓስካልን የጀመርኩት ለዚህ ነው። ፍሪ ፓስካል ኮምፓይለሩ ነው፤ በፓስካል ቋንቋ የጻፍከውን ኮድ ኮምፒውተር ላይ ወደሚከፈት ፕሮግራም ይቀይራል፤ ላዛረስ መስኮትና ቁልፍ እየጎተቱ የሚያስቀምጡበት መሥሪያው። ሁለቱም ነፃ ናቸው። የሠራኸውን ፕሮግራም ኮዱን ሳትገልጥ ብትሸጠውም ፈቃዳቸው አይከለክልም።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ አፍሬ ነበር። ፓስካል ማለት ለብዙዎቻችን የድሮ የትምህርት ቤት ቋንቋ ነው። ኒክላውስ ቪርት ያወጣው በ1970 እ.ኤ.አ ነው፤ ሰውየው ያረፈው በ2024 መግቢያ ላይ ነው። ፍሪ ፓስካል ራሱ በ1993 እ.ኤ.አ የተጀመረ ነው። ጓደኞቼ «ሙዚየም ልትከፍት ነው?» ብለው ቀልደውብኛል።

ከዚያ በፊት ጎ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሞክሬ ነበር። ኮምፓይለሩን ወደድኩት። ሁለት ቃል ለውጠህ ዊንዶውስ ላይ ተቀምጠህ የሊኑክስ ፋይል ታወጣለህ። ግን ከእትም 1.21 ጀምሮ ዊንዶውስ 7ን ትቶታል። የቡሬውን ኮምፒውተር ቀይሩ ለማለት ደግሞ ድፍረቱ የለኝም። በዚያ ላይ ጎ የራሱ የመስኮት መሥሪያ ይዞ አይመጣም። ነጋዴ ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ አይጽፍም።

ስለ «ኔቲቭ» ኮምፓይለር አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ይጠይቀኛልና። የፍኖተ ሰላም ነጋዴ እንጅባራ ገበያ ሲወጣ ሁለት ምርጫ አለው እንበል። አስተርጓሚ ይዞ ይሄዳል፤ ወይም አገውኛ ተምሮ ይሄዳል። ጃቫና ፓይተን አስተርጓሚ ይዘው እንደሚሄዱት ናቸው፤ አስተርጓሚው ቀድሞ እዚያ ኮምፒውተር ላይ መጫን አለበት። እንደ ፍሪ ፓስካል ያለ ኔቲቭ ኮምፓይለር ግን ፕሮግራሙን በዚያ ፕሮሰሰር ቋንቋ ጽፎ ይልከዋል። ፍላሽ ላይ ገልብጠህ፣ ሄደህ፣ ከፍተህ ትሠራለህ። «መጀመሪያ ይህን አውርድ» የሚባል ነገር የለም። ኢንተርኔት ተቋርጦ ለከረመበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። መማሪያ ሰነዱም ሳይቀር ኮምፒውተሬ ላይ ነው ያለው።

ፍጥነቱ እስካሁን ይገርመኛል። የእኔ ፕሮግራም ወደ ሠላሳ ሺህ መስመር ደርሷል። አሮጌው ላፕቶፔ ላይ ከዜሮ ጀምሮ ሲሠራው ቡና ለመቅዳት እንኳ ጊዜ አይሰጥም።

ቅሬታ ልጀምር። ከ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ የ32 ቢቱን ማውጣት ቀላል ነው፤ ተጨማሪ ፋይል ትጭናለህ፣ ምርጫውን ትቀይራለህ፣ አለቀ። እኔም እንዲህ ብዬ በኩራት ፍላሼን ይዤ በሚኒባስ ቡሬ ወረድኩ። ፕሮግራሙ ተከፈተ። ዳታቤዙ ግን አልተከፈተም። ለካ ፕሮግራሙን ወደ 32 ቢት ስቀይር አብሮት የሚሄደውን የኤስኪውላይት ዲኤልኤል፣ ማለትም ዳታቤዙን የሚከፍተውን ፋይል፣ አልቀየርኩትም። እሱ ባለ 64 ነበር። ኮምፓይለሩ የራሱን ሥራ በትክክል ሠርቷል፤ ጎረቤቱን አይጠብቅም እንጂ። ባዶ እጄን ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ለየኮምፒውተሩ የተለየ ፎልደር አለኝ፤ አብሮ የሚሄደው ሁሉ እዚያው ውስጥ ነው።

የሊኑክሱ ሌላ ታሪክ ነው። ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ማሻገር ይቻላል። ግን የዚያን አገር ሊንከር (የፕሮግራሙን ክፍሎች አንድ ፋይል አድርጎ የሚያገናኘውን) እና ላይብረሪ (ፕሮግራሙ የሚጠቀምበትን ዝግጁ ኮድ) ሰብስበህ ማምጣት አለብህ። ሦስት ምሽት ታገልኩ። በመጨረሻ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ጫንኩና ያንኑ ኮድ እዚያው ላይ ኮምፓይል አደረግኩት። የሚያኮራ መፍትሔ አይደለም፤ ግን ይሠራል። ኮዱን ሳልነካው ነው፤ ማለቴ ከሁለት ቦታ በቀር። አንዱ የፋይል ስም ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል የቀላቀልኩበት ነው፤ ዊንዶውስ አይቶ እንዳላየ ያልፋል፣ ሊኑክስ ግን አያልፍም። ሌላው የፎልደር መለያ ጭረቱን በእጄ የጻፍኩበት ነው፤ የዊንዶውስና የሊኑክስ ጭረት ይለያያል።

አሁን ወደ ፊደላችን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ማንም ቀድሞ አልነገረኝምና።

ፕሮግራሙ እህል ሲገባ መረከቢያ ወረቀት ያትማል። የእህሉ ስም ሰንጠረዡን እንዳያልፍ ብዬ በ24 ቆረጥኩት። አንድ ቀን ባለ መጋዘኗ ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ እኔ መቼ ነው በር የተረከብኩት?»

«የምን በር፣ እትዬ?»

«ወረቀቱ ‹የቡሬ ቀይ በር› ይላላ! ከጎኑ ደግሞ የጥያቄ ምልክት አለ። እኔም እየጠየቅኩ ነው።»

ላዛረስ ጽሑፍ የሚያስቀምጠው ዩቲኤፍ-8 በሚባል ፊደልን ወደ ባይት (ኮምፒውተር መረጃ ወደሚያስቀምጥበት ትንሽ መለኪያ) የሚቀይር አሠራር ነው። በዚያ አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «የቡሬ ቀይ በርበሬ» ለዓይን ከነክፍተቱ 11 ነው። ለኮምፓይለሩ 29 ባይት ነው። ርዝመት የሚለካው ሌንግዝ የሚባል ፈንክሽን (ዝግጁ ትእዛዝ) የሚቆጥረው ባይቱን ነው፤ ቆራጩ ኮፒም እንደዚያው። በ24 ስቆርጠው «በር» ላይ 23 ደረሰ። የቀረችው አንዷ ባይት የሁለተኛው «በ» ሲሶ ናት። ጥያቄ ምልክት ሆና የወጣችው እሷ ነች። በእንግሊዝኛ የሞከርኩት ሁሉ ትክክል ነበር፤ እዚያ አንድ ፊደል አንድ ባይት ስለሆነ ስህተቱ አይታይም።

መድኃኒቱ አለ። ላዛረስ ፊደል የሚቆጥሩና በፊደል የሚቆርጡ የራሱ ፈንክሽኖች አሉት፤ ስማቸው ፊት ዩቲኤፍ-8 የሚል አለ። ኮዴን ሙሉ ፈልጌ አርባ ምናምን ቦታ ቀየርኩ። ፓስካል በአማርኛ ልትሠራበት ካሰብክ ከመጀመሪያው ቀን እነሱን ተጠቀም። እትዬ ያቺን ወረቀት እስካሁን ግድግዳ ላይ ለጥፈዋታል።

ሁለተኛው የመስኮቱ ነገር ነው። ላዛረስ ቁልፍና ሳጥን ራሱ አይስልም፤ ከዚያው ሲስተም ይዋሳል። ስለዚህ ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ መልክ፣ ሊኑክስ ላይ የሊኑክስ መልክ ይኖረዋል። ደስ ይላል። ግን ፎንቱ ሲለያይ ስፋቱም ይለያያል። ዊንዶውስ ላይ «ጠቅላላ ድምር» ያልኩት ደብረ ማርቆስ ላይ «ጠቅላላ ድ» ሆኖ ቀረ። በፒክስል ለክተህ ካስቀመጥክ ሊኑክስ ላይ ታፍራለህ። ሳጥኑ ራሱን እንዲያሰፋ፣ አንዱ ካንዱ ጋር እንዲታሰር ማድረግ ነው ያለብህ። ይህን የተማርኩት አሥራ ሰባት ፎርም ከሠራሁ በኋላ ነው። አሥራ ሰባቱንም ደግሜ ሠራኋቸው።

ቀን መምረጫው ጳጉሜን አያውቅም። አልጠበቅኩበትምም። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መቀየሪያውን ራሴ ጻፍኩት፤ ወደ ስድሳ መስመር ነው፤ ስድስተኛዋን ጳጉሜ ጨምሮ። ሦስቱም ላይ አንዲት ነጥብ ሳልቀይር ሠራ። ሂሳብ ብቻ የሆነ ኮድ ሲሆን «አንዴ ጽፈህ የትም ኮምፓይል አድርግ» የሚሉት እውነት ነው። ነገር የሚመጣው ዓይንና እጅ በሚነካው በኩል ነው።

ጥቃቅኑን ቶሎ ልጨርስ። መጀመሪያ ያወጣሁት ፋይል 27 ሜጋባይት ሆኖ ደንግጬ ነበር። ትልቁ ክፍል የስህተት መፈለጊያ መረጃ ነው፤ እሱን አውጣ ስትለው ወደ 5 ወረደ። አንድ ጸረ ቫይረስ ደግሞ ፕሮግራሜን ሌባ ብሎ ሁለት ጊዜ ሰርዞብኛል። አዲስ እትም ቶሎ ቶሎ አይወጣም፤ የምጠቀምበት ፍሪ ፓስካል 3.2.2 የወጣው በ2021 እ.ኤ.አ ነው። እኔን አልጎዳኝም። አዲስ ነገር ሲወጣ ካልሞከረ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ግን ይሰለቸዋል። ሥራ ማስታወቂያ ላይም ፓስካል የሚል አታገኝም፤ ተቀጥሮ ለመሥራት የሚማር ሰው ሌላ ቢማር ይሻለዋል።

እኔ እቀጥልበታለሁ። የቡሬው ዊንዶውስ 7 ፕሮግራሙን ከቢሮው እኩል ይከፍታል፤ ወረፋ የያዘ ጫኝ ሲጮህ ማየት ቀርቷል።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ስልካቸውን አውጥተው «እዚህ ላይ ጫንልኝ» አሉኝ። ፍሪ ፓስካል ለአንድሮይድ ኮድ ያወጣል። የላዛረስ መስኮቶች ግን እዚያ ገና አልበሰሉም፤ ሞክሬዋለሁ። «እትዬ፣ ስልክ ላይ ግን አይሆንም» አልኳቸው።

ስልኩን መልሰው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት። «ሁሉም ላይ ይሠራል ስትለኝ አልነበር እንዴ?»