በፕሊሙዝ ለምትሠራ አንዲት የሙዚየም ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በማሳቹሴትስ ግዛት በሚገኘው የፕሊሙዝ ፓተክሴት ሙዚየም፣ የፓተክሴት መንደር በሚባለው ክፍል ለምታገለግል፣ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆነው የዋምፓኖአግ ተወላጅ ለሆነች አንዲት ባለሙያ ምስጋናዬን ለመግለጽና በቦስተንና በአካባቢው የምትኖሩ ወገኖቼ ልጆቻችሁን ይዛችሁ እንድትጎበኟት ለመጠቆም ነው። ፈቃዷን ስላልጠየቅሁ ስሟን አልጠቅስም።

የጉዟችን መነሻ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ ባለፈው ኅዳር፣ የምስጋና ቀን ሲቃረብ፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ጌጥ በማስመሰል ከትምህርት ቤት በራሱ ላይ አስሮት የመጣው የወረቀት ላባ ነበር። ያ ላባ የማን እንደ ሆነ ስጠይቀው «የድሮ ሰዎች ነው፤ አሁን የሉም» አለኝ። እኔም የተሻለ መልስ አልነበረኝም። በሐምሌ ወር እናቴ ከአገር ቤት ለጥየቃ ስትመጣ ሦስታችን ወደ ፕሊሙዝ ሄድን።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ብታውቁ ይጠቅማችኋል። በዚያው ግቢ ባለው የእንግሊዞች መንደር የሚሠሩት ሰዎች የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰፋሪዎችን መስለው የሚጫወቱ ሲሆኑ፣ በኢል ወንዝ ዳር ባለው የፓተክሴት መንደር የምታገኟቸው ግን ማንንም መስለው አይጫወቱም። የአጋዘን ቆዳ ለብሰው ብታዩአቸውም የሚናገሩት እንደ ዛሬ ሰው፣ ስለ ራሳቸው ሕዝብ ነው። እኔ ይህን ባለማወቄ ባለሙያዋን ይህን ሚና ስንት ዓመት እንደ ተጫወተች ጠየቅኋት፤ እሷም ሳትቆጣ ሚና እንደሌላት ነገረችኝ።

እናቴ እንግሊዝኛ ስለማትሰማ አስተርጓሚው እኔ ነበርሁ። ባለሙያዋ ዊቱ የሚባለው ቤት በተለመጡ ቀጫጭን እንጨቶች ተዋቅሮ በዛፍ ቅርፊት ወይም ከረግረግ ሣር በተሠራ ሰሌን እንደሚለበስ፣ ሚሹን የሚባለውም ታንኳ የአንድ ግንድ ሆድ በእሳት እየተቃጠለና ከሰሉ እየተፋቀ እንደሚወጣ ስታስረዳ፣ እኔ «ቤታቸውን እንዲህ ይሠሩ ነበር፤ ታንኳቸውን እንዲህ ያወጡ ነበር» እያልሁ ለእናቴ አቀብላለሁ። ልጄ እጄን ጎተተና «አባዬ፣ እሷ እኮ ‹እንሠራለን› ነው ያለችው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ «ነበር»ን ትቼ ተረጎምሁ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

እናቴ በበኩሏ ከጎጆው አናት ያለውን የጭስ መውጫ አይታ «ዝናብ ሲመጣስ፣ ልጄ?» ስትል ጠየቀቻት፤ ባለሙያዋም መክደኛው በረጅም እንጨት እየተገፋ እንደ ነፋሱ አቅጣጫ እንደሚዞር አሳየቻት። በቆሎው ሥር ቦሎቄው ግንዱን ይዞ ሲወጣና ዱባው መሬቱን ሲሸፍን ያየች ጊዜ ግን እናቴ ትርጉም አላስፈለጋትም። ሁለቱ ሴቶች በምልክት ብቻ ሲግባቡ እኔ ሥራ ፈትቼ ቆምሁ።

ባለሙያዋ መራራውንም ታሪክ ልጅ ሊሸከመው በሚችለው መጠን ተናግራለች። አንድ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ እ.ኤ.አ. በ1614 በኋላ ለሰፋሪዎቹ አስተርጓሚ የሆነውን ቲስኳንተምን (ስኳንቶን) ጨምሮ የፓተክሴት ሰዎችን አፍኖ ለባርነት ወደ ስፔን እንደ ወሰዳቸው፣ ከ1616 እስከ 1619 የገባው ወረርሽኝ መንደሪቱን ባዶ እንዳስቀራት፣ በ1620 ሜይፍላወር በምትባለው መርከብ የመጡትም እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች የሰፈሩት በዚሁ የሙታን መንደር ላይ እንደ ሆነ አስረዳችን። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ1947 ተመሥርቶ የፓተክሴትን ስም በስሙ ላይ የጨመረው በ2020 መሆኑ፣ በእኔ አስተያየት፣ እጅግ የዘገየ ነው።

ስለ ቋንቋቸው የነገረችን ከሁሉ ይልቅ አስደነቀኝ። ከመቶ ዓመት በላይ ተናጋሪ ያልነበረውን ቋንቋ ከ1993 ጀምሮ መልሰው ለልጆቻቸው እያስተማሩት ሲሆን፣ ከረዷቸው ጽሑፎች አንዱ በ1663 በቋንቋቸው የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። የታተመውም ከእኛ ብዙዎች በሚኖሩባት በኬምብሪጅ ነው። እኔ በዚያች ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ስኖር ይህን አንድም ቀን አልሰማሁም ነበር፤ እናቴ ግን «ፊደላቸው የጠፋ አይደለማ» ብላ ነገሩን በግዕዝ መዘነችው።

የመግቢያ ዋጋው ለቤተሰብ ቀላል ስላልሆነ በምትኖሩበት ከተማ ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የቅናሽ መግቢያ ካርድ ያበድር እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መንደሩ ከቤት ውጭ በመሆኑ በክረምቱ ብርድ ወራት ስለሚዘጋ የመክፈቻ ቀኑንም አጣሩ። ለልጆቻችሁ የላባ ጌጥ አታድርጉላቸው፤ ሠራተኞቹንም ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሡ። በአንድ ሰዓት እንጨርሳለን ብላችሁ አትሂዱ፤ እኛ ከእሳቱ ዳር ብቻ ከዚያ በላይ ቆይተናል።

ስንሰናበታት ባለሙያዋ ራሷ ወደ ማሽፒ እንድንሄድ መከረችን። በዚያ በ1793 በተሠራ አነስተኛ ቤት ውስጥ የማሽፒ ዋምፓኖአግ ጎሣ የራሱ ሙዚየም አለው። እናቴ ከመመለሷ በፊት ልንሄድ ቀን ቆርጠናል፤ ልጄም በዚህኛው ጉዞ አስተርጓሚው እሱ እንዲሆን ጠይቆኝ ፈቅጄለታለሁ።