ባትሪው ቻርጅ አልቀበል ላለው ሁሉ፦ በጎንደር ለሚገኙ አንድ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በጎንደርና በአካባቢዋ በፎቶግራፍና በቪዲዮ ሥራ ለተሰማራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ ሲሆን፣ ከሁሉ አስቀድሜ ግን የካሜራ ባትሪዎቼን ብቻ ሳይሆን የዓመቱን እንጀራዬን ላተረፉልኝ አባት ምስጋናዬን በአደባባይ ማድረስ እፈልጋለሁ። ስማቸውን ብጠቅስ ደስ ባለኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን «ስሜን ተይው ልጄ፣ ሥራዬን ካወቅሽልኝ ይበቃኛል» ስላሉኝ ፈቃዳቸውን አክብሬያለሁ።

የምተዳደረው ሠርግ በመቅረጽ ነው። በዚህ ሙያ ያለ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለው ጊዜ ሠርግ በሠርግ ላይ የሚደራረብበት፣ ዓመቱን ሙሉ የምንበላውን የምንሰበስብበት ወቅት ነው። ጥር እየተቃረበ ሳለ ለቪዲዮ ካሜራዬና ለመብራቴ የምገለገልባቸው ትልልቆቹ ባትሪዎች፣ የሶኒ ኤንፒ ኤፍ 970 ዓይነት የሆኑት፣ ተራ በተራ ቻርጅ አንቀበል አሉ። ቻርጀሩ ላይ ሲቀመጡ መብራቱ ጥቂት ጊዜ ብልጭ ብልጭ ይልና ድርግም ይላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢያድሩም ለውጥ የለም። አዲስ ልግዛ ቢባል፣ ብር ከተዳከመ ወዲህ የአንዱ ባትሪ ዋጋ የት እንደደረሰ የሞከረ ያውቀዋል።

እርሳቸውን እስካገኝ የደረሰብኝን ሳልናገር ባልፍ ምስጋናዬ ጎዶሎ ይሆናል፤ የማንንም ስም ለማጥፋት ስለማልፈልግ ግን ቦታውንም ሰዉንም አልጠራም። አንዱ ጋ ስሄድ፣ ባትሪውን አገላብጦ እንኳ ሳያይ ሁለት ሽቦ ከጫፎቹ ጋር አገናኝቶ ከመኪና ባትሪ ቻርጀር ኤሌክትሪክ ለቀቀበት። ጥቂት ቆይቶ ፕላስቲኩ እጅ የሚያቃጥል ሆነ፣ ጎኑም አበጠ። «በቃ፣ ተነሥቷል» ብሎ የሠራበትን አስከፍሎ ሰጠኝ፤ እቤት ስደርስ ከካሜራው መግጠሚያ ውስጥ እንኳ አልገባ አለ። ሌላው ደግሞ «ኦርጅናል» እያለ ከሚምልበት ካርቶን አውጥቶ የሸጠልኝ ባትሪ የአንድ ሙሽራ መኪና ከቤት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ እንኳ አልቆየም። ልመልስ ስሄድ ጥፋቱ የካሜራዬ ሆነ። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ሦስተኛው ነው። ችግሩን በዝርዝር አስረድቼው ስጨርስ «ካሜራው የማን ነው? ባለቤቱ ራሱ ይምጣና እንነጋገር» አለኝ። ካሜራው የእኔ ነው ብለውም ዓይኑን ከስልኩ ላይ አላነሣም። እንዲህ ያለውን ንግግር ባትሪ ሲበላሽ ብቻ የምንሰማው ባለመሆኑ፣ ሴት ባልደረቦቼ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባችኋል።

ወደ እኚህ አባት የላከችኝ ቡና የምታፈላልን ጎረቤቴ ናት፤ የእናቷን ሬዲዮ ይጠግኑላቸው እንደነበር ታስታውሳለች። ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወርደው መንገድ፣ ማስታወቂያ በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከአንዲት አሮጌ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የሄድኩት በከተራ ዕለት ጠዋት ነው። ከውጭ አገር የመጣ አንድ ቤተሰብ በማግስቱ በፋሲለደስ መዋኛ የሚከበረውን ጥምቀት፣ ከዚያም የልጁን ሠርግ እንድቀርጽለት ተዋውሎኝ ስለነበር፣ በሬን የዘጋሁት ከጭንቀት የተነሣ እንባዬን እየጠረግሁ ነበር።

ችግሬን ስነግራቸው አላቋረጡኝም። የባትሪዎቹን ዕድሜ፣ ለምን ያህል ጊዜ ሳይሠሩ እንደተቀመጡ፣ ማን እንደነካቸው ጠየቁኝ፤ መልሴንም በቁም ነገር ሰሙ። ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉና አንዱን ባትሪ በቴስተር ለኩት፤ ዜሮ። ልቤ ወረደ። እርሳቸው ግን በቢላ ሳይሆን ከጊታር መምቻ በቀጠነ ፕላስቲክ የባትሪውን መጋጠሚያ ዙሪያውን ቀስ ብለው እየተከተሉ፣ አንዲት ጠባሳ ሳይተዉበት ሽፋኑን አነሡት። ውስጡ ስድስት ሴሎች ሦስት ሦስት ሆነው ተደርድረዋል። የቴስተሩን ጫፎች ሴሎቹን ሲያስነኳቸው ቁጥሩ ከ5 ቮልት በላይ ወጣ። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ባትሪሽ አልሞተም፤ በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ ነው የተቀመጠው። ቻርጀርሽ ቢያንኳኳ የሚከፍትለት ስላጣ ሰው የለም ብሎ ተመለሰ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ያደረጉትን በሙሉ ተረድቻለሁ ብዬ አልዋሽም። የገባኝ ይህን ያህል ነው፦ በባትሪው ውስጥ ያለች ትንሽ ሰሌዳ ሴሎቹ ከመጠን በላይ እንዳይራቆቱ መስመሩን ትዘጋለች፤ ባትሪው ሳይሠራ ብዙ ሲቆይ በራሱ እየጎደለ እዚያ ደረጃ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ቻርጀሩ ምንም ስለማያነብ ኃይል አይሰጥም። እርሳቸው በጣም ትንሽ ኃይል በዝግታ እየሰጡ ሰሌዳዋ መስመሩን እንድትከፍት ያደርጋሉ። ይህን ሲያደርጉ ባትሪው የሚቀመጠው በእንጨቱ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ባለ ሸክላ ንጣፍ ላይ ነው፤ ከአጠገቡም አሸዋ የሞላበት ማሰሮ አለ። በየጥቂት ደቂቃው የእጃቸውን ጀርባ አስጠግተው ሙቀቱን ያዳምጣሉ።

ያ ያበጠውን ባትሪ ሳወጣ ግን ፊታቸው ተለወጠ። በሁለት ጣታቸው አንሥተው ሄደው ማሰሮው ውስጥ አስቀመጡትና «ይህን አልነካልሽም» አሉኝ። ሌላ አንዱን ደግሞ ከፍተው ለክተው፣ ግማሾቹ ሴሎች ከ2 ቮልት በታች መውረዳቸውን አሳይተውኝ መልሰው ዘጉት። እንዲህ ወርዶ የቆየ ሴል ውስጡ ስለሚጎዳ፣ ቢሞላ እንኳ ሌላ ቀን በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል እንደሚችል ነገሩኝ። «ሙሽራ አጠገብ የምትይዢው ነገር ነው» አሉ። እነዚህን ስላዩበት ልክፈል ብል በፍጹም እንቢ አሉ። ሲቸግረኝ ገንዘቤን የተቀበሉኝ ሁሉ የሚሠራውን ከማይሠራው ሳይለዩ ነበር የተቀበሉኝ፤ እርሳቸው ግን በማይሠራው ላይ ጊዜያቸውን አጥፍተው እንኳ ምንም አልወሰዱም።

አሁን የማነሣውን እስከ ዕድሜ ልኬ አልረሳውም። ቀኑ እየመሸ፣ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ለመውረድ ሲነሡ፣ ደኅነኞቹ ባትሪዎች ገና አልጨረሱም ነበር። «ሰው በሌለበት እንዲህ ያለ ነገር ተቀጥሎ አይተውም» አሉና በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ይዘዋቸው ሄዱ። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ በፋሲለደስ መዋኛ በር ላይ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ጠበቁኝ። እያንዳንዱ ባትሪ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል፤ በፕላስተሩ ላይም በእስክሪብቶ ስንት ደቂቃ መሥራት እንደሚችል ተጽፎበታል። ሁሉንም ሞክረው ነበር ማለት ነው። በየዓመቱ የከተራን ሌሊት እዚያው ከታቦታቱ ዘንድ እንደሚያድሩና በዚህ ዓመት ግን ከእኔ ባትሪዎች ጋር ቤታቸው እንዳደሩ ከጊዜ በኋላ የሰማሁት ከባለቤታቸው ነው። እርሳቸው ትንፍሽ አላሉም።

ባትሪዎቹ ያን ቀን ጸሎቱ ደርሶ ውኃው ተባርኮ ወጣቱ ወደ መዋኛው እስኪዘል፣ በሠርጉም ቀን እስከ ማታ ድረስ አገለገሉኝ። በፕላስተሩ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ከእውነቱ ጥቂት ያነሰ እንጂ የበለጠ አልነበረም። እንደ አዲስ እንደማይሆኑ አስቀድመው በግልጽ ነግረውኝ ስለነበር ያልጠበቅሁት ነገር አልገጠመኝም። የጠየቁኝ ክፍያም ከአንድ አዲስ ባትሪ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ትምህርታቸው የሬዲዮና የቴፕ ጥገና ነው። ሶኒ የሊቲየም አዮን ባትሪን ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያቀረበው ደርግ በወደቀበት ዓመት፣ በ1991 እ.ኤ.አ. ነበር፤ እርሳቸው በዚያን ጊዜ በዚያችው ጠረጴዛ ላይ ቴፕ ይፈቱ ነበር። ዕድሜዬ ገፍቷል ሳይሉ አዲሱን እየተከተሉ መማራቸው፣ «ይህ የልጆች ነገር ነው» ከሚል ሽማግሌም ሆነ «ይሄ አይሠራም፣ አዲስ ግዢ» ከሚል ወጣት ይለያቸዋል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ባትሪያችሁ ቻርጅ እንቢ ካላችሁ ከመጣላችሁ በፊት፣ ሽቦ የሚያገናኝ ሰው እጅ ከመግባቱም በፊት እባካችሁ እኚህን አባት አሳዩአቸው። ደግሜ እላለሁ፣ አሳዩአቸው። ስትሄዱ ቻርጀራችሁንም ያዙ፤ አንዳንዴ ጥፋቱ የቻርጀሩ ሆኖ ያገኙታል። ያበጠ ባትሪ ካላችሁ ደግሞ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ቦርሳ አትክተቱት። የሠርጉ ወቅት ሲያልፍ ባትሪዎቻችሁን ባዶ አድርጋችሁም፣ ጢም ብለው እንደሞሉም ሳይሆን ግማሽ ያህል ሞልታችሁ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ እንድታስቀምጡ አደራ ብለዋል፤ እኔም አደራቸውን አድርሻለሁ።

እሑድና በበዓላት ቀን አይገኙም። ከፒያሳ ስትወርዱ ሬዲዮ የሚጠግኑትን አባት ብላችሁ ብትጠይቁ የሰፈሩ ሰው ያሳያችኋል። የማይክሮፎንና የመብራት ባትሪም ያያሉ። የድሮን ባትሪ ግን አይቀበሉም፤ ብዙዎቻችሁ እንደምትጠይቁኝ ስለማውቅ አስቀድሜ ጠይቄላችኋለሁ።