«የአጋሮ ሱቃችሁ የት ነው?»፦ በጅማ ያሠራሁት ድረ ገጽ

የቤተሰባችንን የእንጨት ሥራ የሚያስተዋውቅ ድረ ገጽ ለማሠራት ባለፈው ዓመት እዚሁ ጅማ ካለ አንድ ድርጅት ጋር ተዋውዬ ነበር። ስሙን አልጠቅስም፤ ሠራተኞቹ ትሑታን ናቸው፣ ስልክ ያነሳሉ፣ ሥራውንም በተባለው ቀን አስረክበውኛል። ፎቶግራፎቹም ያማሩ ናቸው፤ ባለ ሦስት እግሩ በርጩማችን የእንጨቱ መስመር ሳይቀር በስልክ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ቅሬታዬ «የጎግል ማሻሻያ» ተብሎ፣ ማለትም ሰው በጎግል ሲፈልግ ገጻችን ከፍ ብሎ እንዲታይ ለማድረግ፣ ለብቻው የተከፈለበትን ክፍል የሚመለከት ነው።

የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ብሎ ይጀምር ነበር፦ «የጅማ በርጩማ ከፈለጉ የእኛ የጅማ በርጩማ ከሌሎች የጅማ በርጩማዎች የተሻለ የጅማ በርጩማ ነው።» አባቴ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው ካነበቡ በኋላ «ይህን የጻፈው ልጅ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያውቃል?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ጽሑፉ ከየትኛው እንጨት እንደምንሠራ፣ ቁመቱ ስንት እንደሆነ ወይም ትእዛዝ በስንት ቀን እንደሚደርስ አንድም ቦታ አይናገርም።

የባሰው ግን ለዓይን የማይታየው ነበር። በገጹ ግርጌ ባዶ የሚመስለውን ነጭ ቦታ በጣቴ ተጭኜ ስጎትት፣ በነጭ ቀለም የተጻፈ የቃላት መዓት ብቅ አለ፦ «የቤት ዕቃ፣ የቤት እቃ፣ የጅማ ዕቃ፣ የጂማ እቃ…» እያለ ይቀጥላል። እውነቱን ለመናገር የሐሳቡ መነሻ ሞኝነት አይደለም፤ ፊደላችን ለአንድ ድምፅ ከአንድ በላይ ሆሄ ስላለው አንዱ ደንበኛ በ«ዕ» ሌላው በ«እ» ጽፎ ይፈልጋል። ሆኖም ጎግል የተደበቀ ጽሑፍንም ሆነ ያለ ቅጥ የሚደጋገሙ ቃላትን በመመሪያው በግልጽ የከለከለ ሲሆን፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ኤፕሪል ወር «ፔንግዊን» የተባለውን የፍለጋ ደረጃ አሰጣጥ ለውጥ ሲያወጣም ዒላማው እንዲህ ባለ ዘዴ ከፍ ለማለት የሚሞክሩ ገጾች ነበሩ። ደረሰኜ ላይ ደግሞ «ሜታ ኪይወርድ» የሚል የክፍያ መስመር አለ፤ ይህ ጎብኚ በማያየው ኮድ ውስጥ የሚገባ የቃላት ዝርዝር ነው፤ ጎግል ለደረጃ አሰጣጥ እንደማይጠቀምበት ያስታወቀው ግን በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ያ ገንዘብ ውኃ በላው።

ነገሩ ከገንዘብ አልፎ ያሳፈረኝ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። አንድ ሰው ደውለው «ወንድሜ፣ የአጋሮ ሱቃችሁ የት ነው? ከመናኸሪያው ወርጄ እየዞርኩ ነው» አሉኝ። አጋሮ ሱቅ የለንም። ለካ ድርጅቱ ለአጋሮ፣ ለሊሙ ገነት፣ ለሰቃና ለሌሎችም ከተሞች የከተማው ስም ብቻ የተቀየረባቸው ተመሳሳይ ገጾች አዘጋጅቶ ኖሯል። ሰውየውን ይቅርታ ጠይቄ የፈለጓቸውን ወንበሮች ራሴ አደረስኩላቸው። ለድርጅቱ ስነግር የተሰጠኝ መልስ «ገጽ ሲበዛ ጎግል ይወዳል» የሚል ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ያልተሠራው ነው። እንደ እኛ ላለ የሰፈር ሱቅ ቀዳሚው ሥራ በጎግል ካርታ ላይ በነጻ መመዝገብ፣ የሥራ ሰዓትንና ስልክን በትክክል ማስገባት ነው፤ ይህን ማንም አላሰበውም። እኔው በአንድ ምሽት ጨረስኩት።

በመጨረሻ የከተሞቹን ገጾችና የተደበቀውን ጽሑፍ አስጠፋሁ፤ ድርጅቱ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በሁለት ቀን ስላጸዳው አመሰግነዋለሁ። ጽሑፉን ግን አባቴ እየነገሩኝ እኔ ጻፍኩት፦ «በርጩማው ከዋንዛ እንጨት ይሠራል፤ ለቡና ማፍያ የሚሆን ዝቅ ያለም አለ።» «ጅማ» የሚለው ቃል በገጹ ላይ አሁን አድራሻው ላይ ብቻ ቀርቷል። የሚደውሉት ሰዎችም ስለ ዋንዛው ጠይቀው ነው የሚጀምሩት።

ለፎቶና ለገጽ አሠራር ድርጅቱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። የ«ጎግል ማሻሻያ» ጥቅሉን ግን የሚጻፈውን ጽሑፍ አስቀድማችሁ ሳታነቡ፣ «አንደኛ እናወጣችኋለን» የሚለውንም ቃል አምናችሁ አትፈርሙ፤ ይህን ዋስትና ማንም ሊሰጥ እንደማይችል ጎግል ራሱ ያስጠነቅቃል። የሜታ ኪይወርዱን ክፍያ እንዲመልሱልኝ ጠይቄ እስካሁን መልስ አላገኘሁም።