የማቆያ ቀንን በኤአይ ኤጀንት ለማስገባት፦ አማዞን ኤስ3፣ ባክብሌዝ ቢ2 ወይስ ቦክስ?

ፋይል እስከተወሰነ ቀን (የማቆያ ቀን) ድረስ እንዳይሰረዝና እንዳይለወጥ የሚቆልፉ የክላውድ ማከማቻዎች ሞልተዋል። ምርጫው የሚከብደው ቀኑን የሚያስገባው ሰው ሳይሆን ኤጀንት (ሥራን በራሱ የሚያከናውን የኤአይ ፕሮግራም) ሲሆን ነው። «ቢ2 ርካሽ ሆኖ ሳለ ለምን አማዞን?» የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ መልሱን ቀድመን እንናገር፦ ኤስ3 ይሻላል፣ ያውም በገቨርናንስ ሞድ (ልዩ ፈቃድ ያለው ብቻ ሊያነሳው በሚችል የመቆለፊያ ዓይነት)። በዋጋም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚረክሰው እሱ ነው።

ሒሳቡን እንሥራ። 2 ቴራባይት የሒሳብ ሰነድ ለ7 ዓመት ይቀመጥ እንበል። የባክብሌዝ ቢ2 ዋጋ በ2023 ኦክቶበር ለ1 ቴራ በወር 6 ዶላር ሆኖ ነበር፤ በዚያ ሒሳብ በወር 12፣ በ84 ወር 1,008 ዶላር ይመጣል። ኤስ3 ስታንዳርድ (መደበኛው የማከማቻ ክፍል) በሰሜን ቨርጂኒያ ለ1 ጊጋ 0.023 ዶላር ስለሆነ በወር 46፣ በጠቅላላው 3,864 ዶላር ይሆናል። ሰው እዚህ ላይ ደንግጦ ወደ ቢ2 ይሮጣል። ነገር ግን ለዓመታት የተቆለፈ ፋይል ስታንዳርድ ውስጥ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም። ግላሲየር ኢንስታንት ሪትሪቫል (ፋይሉ ወዲያው የሚገኝበት የኤስ3 ርካሽ ክፍል) ለ1 ጊጋ 0.004 ዶላር ነው፤ በወር 8፣ በ7 ዓመት 672 ዶላር። አንድ ቀን ሁሉንም ልውሰድ ብትሉ እንኳ ለማውጫ 60፣ ለዳውንሎድ ደግሞ ከነፃው 100 ጊጋ በላይ ላለው 171 ዶላር ጨምራችሁ ከቢ2 በታች ናችሁ። ግላሲየር ዲፕ አርካይቭ ከሆነ ጠቅላላው ወደ 166 ዶላር ይወርዳል፤ ፋይሉን ለማግኘት ግን እስከ 12 ሰዓት መጠበቅ አለ። መቆለፉ ወደ ርካሹ ክፍል ከመዛወር አያግደውም።

ጥንቃቄ የሚያሻው ትናንሽ ፋይል ላይ ነው። ኢንስታንት ሪትሪቫል ከ128 ኪሎባይት በታች ያለውን ሁሉ እንደ 128 ይቆጥራል። ስካን የተደረጉ ደረሰኞች በብዛት ካሉ የየወሩን በአንድ ዚፕ አስሮ አንድ ቀን መስጠት ነው።

ሰነዱን በየሳምንቱ እያወረደ የሚያይ ቢ2ን ይግዛ፤ ካከማቸው መጠን እስከ 3 እጥፍ ድረስ በወር በነፃ ያወርዳል። ኤጀንት ሲገባበት ግን የቢ2 ድክመት ይገለጣል። ለኤጀንቱ የማቆያ ቀን የመጻፍ ፈቃድ ያለው የመግቢያ ቁልፍ ከሰጣችሁት፣ 7 ዓመት ያላችሁትን ከዚያ አርዝሞ በኮምፕሊያንስ ሞድ ከመጻፍ ቁልፉ አያግደውም። በኮምፕሊያንስ የተቆለፈ ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ አይነሳም። ኤስ3 ላይም ቢሆን ዋናው የሩት አካውንት እንኳ አይችልም፤ ያለው መንገድ አካውንቱን እንዳለ መዝጋት ብቻ ነው።

ኤስ3ን የሚያስመርጠው የቀኑ ገደብ በባኬቱ (ፋይሎቹ በሚቀመጡበት ቋት) ፖሊሲ ውስጥ መጻፉ ነው። ሦስት ክልከላ ይበቃል። ሞዱ ኮምፕሊያንስ ከሆነ ከልክል። የቀረው የማቆያ ጊዜ ከ3,650 ቀን ከበለጠ ከልክል። ከ1,825 ቀን ካነሰም ከልክል። ገቨርናንስን ማለፊያ ፈቃዱን ለኤጀንቱ ፈጽሞ አትስጡ፤ ያኔ ቀኑን ማራዘም እንጂ ማሳጠር አይችልም። ኤጀንቱ ቢሳሳት ጥያቄው በ403 («ፈቃድ የለም» በሚል መልስ) ይመለሳል፣ ፋይሉ አይነካም። ለኤጀንቱ በጽሑፍ የምትሰጡት መመሪያ ይህን ሥራ አይተካም፤ ሊዘነጋው ይችላል።

ገደቡ ለኢትዮጵያ ቢሮ ያለው ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። «እስከ ሰኔ 30 ቀን 2027 ዓ.ም. ይቆይ» የተባለ ኤጀንት 2027-06-30 ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ትክክለኛው 2035-07-07 ነው። ማከማቻው የቀን አቆጣጠር አያውቅምና ያለ አንዳች ቅሬታ ይቀበለዋል፤ መቆለፊያውም 8 ዓመት ቀድሞ ይፈታል። በተቃራኒው በፈረንጅ 2035 የተባለው 8 ተጨምሮበት 2043 ሊሆን ይችላል። የታችኛው ገደብ የመጀመሪያውን፣ የላይኛው ሁለተኛውን ይይዛል። ቀኑን ለኤጀንቱ ስትሰጡ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በዓመት-ወር-ቀን፣ ከነሰዓቱ 23:59:59 ዩቲሲ (ከአዲስ አበባ 3 ሰዓት ወደኋላ የሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ብላችሁ ስጡት። ሰዓት ሳይጠቀስ ቀርቶ ዜሮ ሰዓት ከገባ፣ መቆለፊያው በመጨረሻው ቀን በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይፈታል፤ ቀኑ ሳይነጋ ማለት ነው።

ቦክስ ላይ ኤጀንቱ ለአንድ ፋይል የማቆያ ቀን መጻፍ ይችላል፤ አንዴ የተጻፈው ግን አይቀነስም። የማቆያ ፖሊሲዎቹ የሚገኙበት ቦክስ ገቨርናንስም በከፍተኛዎቹ ዕቅዶች ውስጥ ካልመጣ በቀር ለብቻው የሚከፈልበት ጭማሪ ነው። ድርጅቱ ቀድሞ ቦክስ ላይ ካልሠራ ለዚህ ብሎ መግዛት አይመከርም። ክላውድፍሌር አር2 ደግሞ «ከኤስ3 ጋር ይስማማል» ስለተባለ ብቻ አይገዛ፤ የኤስ3ን በየፋይሉ መቆለፊያ አይቀበልም፤ የራሱ ሕግ የሚሠራው በባኬት ወይም በስም መነሻ ነው።

ኤጀንቱ «ተጠናቋል» ሲል አትመኑት። ቀን በጻፈ ቁጥር ቀኑን ከባኬቱ መልሶ አንብቦ ከነቨርዥን (የፋይሉ ቅጂ) መለያው እንዲያሳይ አድርጉ። መቆለፍ የሚሠራው ቨርዥኒንግ (እያንዳንዱን ቅጂ ለየብቻ ማስቀመጥ) በተከፈተበት ባኬት ስለሆነ፣ መስመር ተቋርጦ ኤጀንቱ ያንኑ ፋይል ሦስት ጊዜ ከጫነው ሦስት ቨርዥን ይቆለፋል፤ የሦስቱም ኪራይ እስከ ቀኑ ድረስ ይቆጥራል። ቨርዥን ሳይጠቅሱ «ሰርዝ» ማለትም ፋይሉን ከዝርዝር ይሰውረዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ሒሳቡም አይቀንስም።