ሰርቨር ላስቸገራችሁ የድሬና የሐረር ሰዎች በሙሉ

አቦ፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አንዲት የሰርቨር ባለሙያ የሐረር ልጅ ከትልቅ ጭንቀት ገላግላናለች፣ በአደባባይ ላመስግናት።

ከዚራ አካባቢ መድኃኒት በጅምላ እናከፋፍላለን። ሽያጩም፣ ስቶኩም፣ ደረሰኙም ያለው ሦስት ሰርቨሮች፣ ማለትም ዋና ኮምፒውተሮች፣ ላይ ነው። አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲሸከም ተብሎ ተያይዘው እንደ አንድ ነው የሚሠሩት። ከዚህ በላይ እኔን አትጠይቁኝ። ብቻ አንድ ቀን ድንገት ሲስተሙ አበደ። ሲፈልግ ደህና ይሠራል፣ ሲፈልግ ደግሞ ያለፈውን ዓመት ዋጋ ያወጣል። ደንበኛ ፊት ቆሞ!

ስንቱን ባለሙያ ነኝ ባይ አስገባን መሰላችሁ። ሲስተሙን ያስገባልን ሰውዬ መጣና አጥፍቶ አበራው፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። በማግስቱ ያው። ሌላው ገና ሳይከፍተው "ይሄማ ሞቷል፣ አዲስ ግዙ" አለን። ዋጋውን ሲጠራልን በድሬ ሙቀት ላይ ሌላ ሙቀት ጨመረብን። ሦስተኛው ከሁሉም ይብሳል። ሲነካካ ውሎ ምንም ሲያጣ፣ ሰርቨሩን በሚጠብቅልን ልጅ ላይ ጣቱን ቀሰረ። "መዝገቡ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት የተቀየረ ነገር አለ፣ ያኔ ማን ነበር?" አለ። ድሬ ውስጥ በዛ ሰዓት ማን ቢሮ ይገኛል? ከተማው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ላይ ነው። እሱ ብቻ ነበር። ልጁ ቃል አጣ። ታናናሾቹን የሚያስተምር፣ ከሰላምታ በላይ የማይናገር ልጅ ነው። አለቆቻችን የስንብት ደብዳቤ እስከ ማዘጋጀት ደርሰው ነበር።

የዚችን ልጅ ስልክ የሰጠን የሐረር ደንበኛችን ነው። ደንገጎን ወርዳ መጣች። ወሬ የለ፣ ጉራ የለ። ውሃ ጠጣችና ማንበብ ጀመረች። ሰርቨር የሆነውን ሁሉ ከነሰዓቱ ይመዘግባል፣ ሎግ የሚሉት እሱን ነው። የሦስቱንም ጎን ለጎን ከፍታ ስታነብ ቆየችና "የዚህኛው ሰዓት ከሌሎቹ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው" አለች። ለካ አንዱ የተሞላው በግሪንዊች ሰዓት ነው፣ እኛ ደግሞ ግሪንዊችን በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ ያ "9 ሰዓት" የተባለው በእኛ ምሽት 12 ሰዓት ነው! ልጁ በ11 ሰዓት ወጥቶ ቤቱ ገብቷል። የዘበኛው ደብተር ሲገለጥ ደግሞ፣ በዛ ምሽት "ትንሽ ላስተካክል" ብሎ የገባው ያው ሲስተሙን ያስገባልን ሰውዬ ነው። አንዱ ሰርቨር ላይ ሴቲንግ ቀይሮ ሁለቱን ሳይነካ ሄዷል። ሥራው በዚያኛው ሰርቨር ሲያልፍ ያብዳል፣ በሌሎቹ ሲያልፍ ደህና ይሆናል።

ልቤን የነካው ግን ከዛ ያደረገችው ነው። አለቆቹ ጋ ከመሄዷ በፊት ልጁን ጠራችው። ወንበር ስባ አጠገቧ አስቀመጠችው፣ መስመሩን እያሳየች "አንተ አይደለህም፣ ራስህ አንብበው" አለችው። አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዛ አለቆቻችንን አስጠርታ እሱ ራሱ እንዲያስረዳቸው አደረገች። ይሄን ማን ያደርጋል? የተጠራችው እኮ ለማሽኑ ነው!

ቀጥላ የሠራችውን በደንብ አልገባኝም። አሁን የሦስቱም ሴቲንግ የሚወጣው ከአንድ ቦታ ነው፣ አንዱ ከሌሎቹ ከተለየ ወዲያው ይታወቃል። ሰዓታቸው አንድ ሆኗል። ሎጉም አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ማን መቼ ምን እንደነካ ይታያል። አዲስ ዕቃ አንድም አላስገዛችንም። አጠባበቁንም ለልጁ አስተምራው ነው የሄደችው።

እና እባካችሁ፣ "አዲስ ግዙ" የተባላችሁ ሰዎች፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት እሷ ትየው። ጎበዝ ናት፣ ሰው ናት። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ አስምላኛለች፣ ስልኳን በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። የሐረር ሰዎች፣ እናንተማ አጠገባችሁ ናት፣ ምን ትጠብቃላችሁ? ድሬ ያላችሁ ትራንስፖርቷን ቻሉላት፣ በጠዋት ቅጠሯት፣ ሰርቨሩ ክፍል ያለው ኤሲ መሥራቱንም ቀድማችሁ እዩ። የእኛው ያን ቀን ተበላሽቶ ነበር፣ ምስኪን ቀኑን ሙሉ በካርቶን ስታራግብ ዋለች።