ሕፃን ይዞ ለምሳ መውጣት፦ ከጃንተከል ዝቅ ብሎ የሚገኝ ባለጓሮ ምግብ ቤት

ጎንደር ውስጥ እንግዳ የሚጋበዝበት ቦታ አይታጣም፤ የሚቸግረው መዳኽ የጀመረ ሕፃንና አራት ዓመት የሞላት ልጅ ይዞ ገብቶ፣ ሳይሳቀቁና ኪስ ሳይጎዳ ግማሽ ቀን የሚያሳልፉበት ቤት ማግኘት ነው። ፎቅ ላይ ያሉት ካፌዎች በረንዳቸው ለዕይታ ቢያምርም በብረት አጥራቸው መካከል ያለው ክፍተት ሕፃን የሚያሾልክ ነው፤ ኮረብታ ላይ ያሉት ሆቴሎች ሜዳቸው ሰፊ ሆኖ ሒሳባቸው የወር አስቤዛ ይነካል፤ ሥጋ ቤቶቹ ደግሞ ሙዚቃቸው እንኳን ሕፃን ሊያስተኛ አዋቂም አያነጋግርም። እዚህ የማነሣው ቤት ከሦስቱም የተለየ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ልጅ ላላቸው የከተማችን ነዋሪዎችም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ ለሚመጡ ቤተሰቦች ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ያየሁትን ከነጉድለቱ እጽፋለሁ።

ቤቱ ታፔላ የለውም። ከጃንተከል ዋርካ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተሠርተው ፒያሳን የዛሬ መልኳን ከሰጧት ቤቶች የአንዱ ጓሮ ሲሆን፣ ከመንገድ ለሚያየው ሰው መኖሪያ ቤት ይመስላል፤ ሰፈርተኛውም «ጓሮው» ብሎ ብቻ ነው የሚጠራው። ባጃጅ እስከ ቅያሱ ድረስ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ኮብልስቶንና የድንጋይ ደረጃ ስለሆነ የሕፃን ጋሪ ይዞ መምጣት ትርፉ ድካም ነው። እናቶቻችን ይህን ሁሉ ዳገት በአንቀልባ አዝለው የወጡት የሚያደርጉትን ስለሚያውቁ ነውና እኛም ማዘያችንን ይዘን ሄድን።

ጠዋት የፋሲል ግቢን አስጎብኝቶ ለሚመለስ ቤተሰብ ቤቱ የሚመቸው በቅርበቱ ነው። አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻቸው ካደረጉ በኋላ መገንባት የጀመረው ይህ ግቢ 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው አጥር የተከበበ በመሆኑ፣ መኪና ሳይፈራ ሣሩ ላይ ልጅ ለቆ ማስሮጥ ይቻላል። ትልቋ ልጃችን ከግንቦቹ ሁሉ ይልቅ ልቧን የወሰደው አንበሶች ይኖሩበት የነበረው ቤት ሆነና አንበሶቹ ምሳቸውን በስንት ሰዓት ይበሉ እንደነበር እስከ ምግብ ቤቱ በር ድረስ ጠየቀችን። የግንቦቹ ደረጃዎች ብዙዎቹ መደገፊያ ስለሌላቸው ግን የሚድኸው ሕፃን እዚያ እያለ ከጀርባ ባይወርድ ይመረጣል።

ስለ ጓሮው ዘርዘር አድርጌ መናገር አለብኝ፤ ልጅ ላለው ሰው ከምግቡ እኩል የሚቆጠር ነገር ነውና። የበሩ መቀርቀሪያ ከአዋቂ ደረት ከፍ ብሎ የተገጠመ ሲሆን፣ ዘበኛው ሰው በገባና በወጣ ቁጥር ከመቀመጫቸው ተነሥተው ይቀረቅሩታል። ይህ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም እናትና አባት ተራ በተራ እየቆሙ በር መጠበቃቸው ቀርቶ አብረው ተቀምጠው የሚበሉት በዚህ ምክንያት ብቻ ነው። ጥግ ላይ ካለችው ትልቅ ወይራ ሥር ሰሌን ይነጠፋል፣ የራሱን ጋቢ ይዞ የመጣ ሰው ደርቦበት ሕፃኑን ያስቀምጣል፣ ከፈለገም ያስተኛል። ቄጤማው የሚጎዘጎዘው ከሰሌኑ ራቅ ብሎ ነው፤ ምክንያቱን ስጠይቅ አስተናጋጇ «ያገኙትን ወደ አፋቸው ነው እኮ የሚሉት» ብላ መለሰችልኝ። ዥዋዥዌ፣ ሸርተቴ፣ በአየር የሚነፋ ቤት የሚባል ነገር የለም። ትልቋ ልጅ አብዛኛውን ጊዜዋን ያሳለፈችው ጠጠር እየለቀመች ከሌሎች ልጆች ጋር በመደርደር ሲሆን፣ ለዚህ ደግሞ ማንም አላስከፈለንም።

ስንቀመጥ ማስታጠቢያና ማንቆርቆሪያ ይዘው ወደ እኛ መጡ። ውኃው ለብ ያለ ነበር። በአብዛኞቹ ቤቶች የእጅ መታጠቢያው ለአዋቂ ቁመት የተሠራ ስለሆነ ልጅን በብብት ይዞ አንጠልጥሎ ማጠብ የተለመደ ሲሆን፣ የልጁ እጅ ታጥቦ ሳያልቅ የአባት እጅጌ ይረጥባል። የድሮው አስተጣጠብ ለትንንሽ ልጆች ከቧንቧው የተሻለ መሆኑን እዚህ ቤት ተመለከትኩ።

ወደ ምግቡ ስገባ ከሽሮው እጀምራለሁ። አብዛኛው ምግብ ቤት የሚያስቀምጠው ምጥን ሽሮ ነው፤ በርበሬውና ቅመሙ ከእህሉ ጋር አብሮ የተፈጨ በመሆኑ «በርበሬ ቀንሱልን» ብሎ ማዘዝ ከንቱ ነው፣ የገባውን ማንም አያወጣውም። በዚህ ቤት ግን ነጭ ሽሮ ለብቻው ተፈጭቶ ይቀመጣል፤ ልጅ ይዘው መግባታችሁን ያየች አስተናጋጅ ሳትጠየቅ «ለልጆቹ አልጫ ይሁን?» ትላለች። ሽንኩርቱ እስኪሟሟ በስሎ ሽሮው ከተንተከተከ በኋላ ጨው ሳይገባበት የልጆቹ ድርሻ ቀድሞ ይቀነሳል፤ የቀረው ጨውና ቃሪያ ተጨምሮበት ለአዋቂዎች ይወጣል። ከሁሉም ደስ ያለኝ አቀራረቡ ነው፦ የእኛ ሽሮ በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ሲመጣ የልጆቹ በቡና ስኒ ተቀንሶ ይመጣል። ሸክላ ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ ሽሮው ገበታ ላይ ከቀረበ በኋላም መፍላቱን ይቀጥላል፣ ልጅ ደግሞ እጁን ለመስደድ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ስኒው ውስጥ ያለው ግን እንጀራው ተቆርሶ እስኪፈተፈት ድረስ ለመጉረስ ይደርሳል።

ለታናሹ ያዘዝነው የስንዴ ቅንጬ ነበር። ለአዋቂ የሚቀርበው ፍሬው ለየብቻው የቆመ፣ ቅቤው ከላይ የፈሰሰበት ነው፤ ለሕፃኑ ግን ወጥ ቤቷ ወተት ጨምራ መልሳ አብስላ፣ በማንኪያ ጀርባ አድቅቃ ላከችው። ሙሉውን ጨረሰ። ድንች አልጫውም እንዲሁ ለስላሳ ነው፤ እንቁላሉ አስኳሉ ሳይቀር በደንብ የበሰለ ሲሆን፣ ለትንንሽ ልጆች ትክክለኛው አበሳሰል ይኸው ነው። ለራሳችን ያዘዝነው ጥብስ ግን እንደ ሽሮው አልተሳካም፤ ሥጋው ጠንክሮ፣ ሮዝመሪው በዝቶበት ነበር። ፓስታው ከመጠን በላይ በስሎ የተጣበቀ ሲሆን ትልቋ ልጅ ግን ወዳዋለች፣ የእርሷ ሚዛን ከእኔ ሚዛን ስለሚለይ ሁለቱንም መዝግቤያለሁ። ከጣና የሚመጣው ቆሮሶ ሙሉውን ተጠብሶ ይቀርባል፤ ጣዕሙ መልካም ነው፣ አጥንቱ ግን ቀጫጭን ስለሆነ ለልጅ ማጉረስ የሚፈልግ ሰው በጣቱ እየዳበሰ መልቀም ይኖርበታል።

ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ከእናት ጡት ሌላ የሚያስፈልገው ምግብ ስለሌለ የምግብ ዝርዝሩ አይመለከተውም፤ ለእናቱ ግን ከወይራዋ ጀርባ ግድግዳ የተደገፈ ዝቅተኛ መደብ አለ፤ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ስታጠባ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ጡጦ ለሚጠቀም ሕፃን የፈላ ውኃ በነፃ ይሰጣሉ። ይህን የምጠቅሰው በሌላ የከተማችን ካፌ ለአንድ ጡጦ ሙቅ ውኃ የሻይ ዋጋ ከፍለን ስለምናውቅ ነው፤ ከብሩ ይልቅ የአስተናጋጁ ፊት ነበር የከበደን።

ቡናው የሚፈላው ጓሮው ውስጥ ነው። ከሰል ምድጃና የፈላ ጀበና ሕፃን ከሚድኽበት ቦታ አጠገብ መኖራቸው መጀመሪያ አስግቶኝ ነበር፤ ሆኖም ረከቦቱና ምድጃው ያሉት በድንጋይ ከተከበበ ከፍ ያለ መደብ ላይ ሲሆን፣ ቡና አፍዪዋ ሴትዮ ከምድጃው ሳትርቅ ልጅ ወደዚያ ባቀና ቁጥር «የኔ አንበሳ፣ ወዲህ ሂድልኝ» እያለች ትመልሳለች። ዕጣኑ ግን ነፋስ ወደ ሰሌኑ ሲያዞረው ይከብዳል፤ ስንነግራት ያለምንም ቅሬታ ማጨሻውን አንሥታ ወደ ሌላው ጥግ ወሰደችው። ለወላጆች መናገር የምፈልገው ከቡናው ጋር ስለሚቀርበው ነው። ፈንዲሻና ቆሎ ለአዋቂ የቡና ቁርስ ናቸው፤ አራት ዓመት ላልሞላው ልጅ ግን የመተንፈሻ ቧንቧ ሊዘጉ ስለሚችሉ ሳህኑ ሰሌኑ ላይ እንዳይቀመጥ ማድረግ ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ቤቱም ጥንቃቄ አያደርግም፤ የፈንዲሻውን ሳህን ቀጥታ ሕፃኑ ፊት አኑረውት ያነሣነው እኛ ነን። ብርዝም እንዲሁ ነው። አልኮል ስለሌለው ለልጆች ይሰጣል፣ ጣፋጭም ነው፤ ነገር ግን ማር ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ለከባድ መመረዝ ሊያጋልጥ ስለሚችል፣ «ትንሽ ይቅመስ» ለሚሉ ደግ ሰዎች በትሕትና እንቢ ማለት ይገባል።

ጎንደር ከሕፃን ጋር ምግብ ቤት የሚገባ ሰው የጾሙን ቀን መቍጠር አለበት። ረቡዕና ዓርብ፣ በተለይም በ55ቱ ቀን የሁዳዴ ጾም፣ ብዙ ወጥ ቤቶች ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ጨርሶ አያስገቡም፤ ድስቱም ይለያል። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ እንደማይጾም ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም ለአንድ ሕፃን ብሎ ምድጃ የሚለይ ቤት ጥቂት ነው። ይህ ቤት በጾም ቀን ለልጆች ብቻ የሚያገለግል ትንሽ የከሰል ምድጃና አንድ መጥበሻ ከዋናው ወጥ ቤት ውጭ አኑሯል፤ እንቁላልና ወተት እዚያ ይበስላሉ፣ የጿሚው ድስትም አይነካካም። ሁለተኛ የሄድነው ዓርብ ስለነበር አሠራሩን በዓይኔ አይቻለሁ። ጾመኛው አዋቂ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ይበላል፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ፣ ቤቱ ግን ያቀርባል።

ስለ ሒሳቡ፦ ሽሮ 130 ብር፣ ቅንጬ 90 ብር፣ ጥብስ 380 ብር፣ አንድ ስኒ ቡና 25 ብር ነው። ከአዋቂው ሽሮ ላይ ለሚቀነሰው የልጅ ድርሻ አያስከፍሉም፤ ለብቻው የታዘዘ የልጅ ቅንጬ ግማሽ ዋጋ ይታሰባል። ጥብሱን ትቶ በሽሮ፣ በቅንጬና በቡና የሚወሰን ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር 400 ብር ሳይሞላ በልቶ ይወጣል፤ የባጃጁን ደርሶ መልስ ለብቻ ማሰብ ነው። ሒሳቡ በእጅ ተጽፎ ይመጣል፣ ያልታዘዘ ነገር አልተጨመረበትም።

የጎደለውን ደግሞ እንይ። መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ቢሆንም የሚደረስበት በሦስት እርጥብ የድንጋይ ደረጃ ነው፤ ሕፃን ታቅፎ ለሚወርድ ሰው ያዳልጣል። ዳይፐር የሚቀየርበት ጠረጴዛ ወይም መደብ የለም፤ እኛ ሰሌኑ ጫፍ ላይ የራሳችንን ላስቲክ አንጥፈን ቀየርን፣ የቆሸሸውንም በፌስታል ቋጥረን ወደ ቤታችን ይዘን ተመለስን። የሕፃን ወንበር የለም፤ መቀመጫው ሁሉ ዱካ ስለሆነ ገና መደገፊያ የሚያስፈልገው ሕፃን ጭን ላይ ሆኖ ነው የሚበላው። ወጥ ቤቷ አንዲት ብቻ በመሆኗ ሰው ሲበዛ ምግቡ ይዘገያል፤ አዋቂ ይታገሣል፣ የራበው ሕፃን ግን ጓሮውን በለቅሶ ያናውጠዋል። ስለዚህ የልጆቹን ምግብ ቀድሞ ማዘዝና ዳቦ ወይም ሙዝ በቦርሳ መያዝ ያስፈልጋል፤ ከውጭ በመጣ የልጅ ምግብ ማንም አይናገርም። በክረምት ቆርቆሮ የለበሰው ክፍል ጠባብ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል ሁሉም እዚያ ይጠጋል፤ ቆርቆሮውን የሚመታው ዝናብም የተኛውን ሁሉ ይቀሰቅሳል።

አገልግሎቱን በተመለከተ፣ ታናሹ ስኒ ደፍቶ ሽሮው ሰሌኑ ላይ ሲፈስ አስተናጋጇ ጨርቅ ይዛ የመጣችው እኛ ይቅርታ ሳንጠይቅ ነው፤ ሌላ ስኒ ሽሮም አምጥታ ሒሳቡ ላይ አላስገባችውም። ትልቋ ልጅ ወጥ ቤቱን ማየት ስትፈልግ ግን አልፈቀዱላትም፤ «እሳት አለ፣ እናቴ» ብለው ከደጃፉ መለሷት፤ ይህም ትክክል ነው።

እሑድ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ቤተሰብ ሁሉ ስለሚሞላው ሰሌኑ ላይ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ቅዳሜ ሰው ወደ ገበያ ስለሚሄድ ጓሮው ሰፋ ይላል፤ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት የደረሰ ሰው የወይራዋን ጥላ ያገኛል፤ ከ8 ሰዓት በኋላ ጥላው ወደ ግድግዳው ስለሚዞር ሰሌኑ ፀሐይ ይመታዋል፣ ባርኔጣ የሌለው ሕፃን ካለም ቦታ መቀየር ግድ ይሆናል።