የአሜሪካ ጉምሩክ የታሪፍ ውሳኔ አገልግሎት፦ ቲሸርትና ሹራብ ለሚያስገባ ነጋዴ

ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት አሠራር ኦገስት 29 ቀን 2025 ከቀረ ወዲህ፣ ልብስ አስመጥቶ በኦንላይን የሚሸጥ ትንሽ ነጋዴም «ይሄ ልብስ በየትኛው የታሪፍ ቁጥር ነው የሚገባው?» የሚለውን ጥያቄ ማምለጥ አልቻለም። መልሱን በነፃ የሚሰጠው ጉምሩኩ ራሱ ነው። ቀድሞ የተሰጡ ውሳኔዎች «ክሮስ» (CROSS) በተባለው የጉምሩኩ የኦንላይን መፈለጊያ ይፈለጋሉ፤ አዲስ ውሳኔ ደግሞ «ኢ-ሩሊንግ» (eRuling) በተባለው የኦንላይን ማመልከቻ ይጠየቃል።

ክሮስን የሚጠቀምበት ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ነው። የአንድ ሹራብ ውሳኔ ሲከፈት እንዲህ ይላል፦ የሴት ፑልኦቨር (በራስ በኩል የሚጠለቅ ሹራብ)፣ 60 በመቶ ጥጥ፣ 40 በመቶ ፖሊስተር፣ ጀርሲ የሚባል የሹራብ ጨርቅ፣ በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከዘጠኝ በላይ የክር ዐይን ያለው፣ ክብ አንገት፣ ረጅም እጅጌ፣ ታቹ የተቀመቀመ። ከዚያ ቁጥሩና ቀረጡ ይከተላል። ፋብሪካው ኢንቮይስ ላይ እንዲጽፍላችሁ የምትጠይቁት መግለጫ ልክ ይሄ ነው። «የሴት ልብስ» ብቻ ተብሎ የመጣ ኢንቮይስ ራሱ ጥያቄ ይጠራል።

ጀማሪ ሁሉ የሚጨነቀው «ቲሸርት ነው ወይስ ፑልኦቨር?» በሚለው ነው። ጥጥ ከሆነ ግን የቲሸርቱ 6109.10ም የፑልኦቨሩ 6110.20ም ቀረጣቸው 16.5 በመቶ ነው፤ ፖሊስተር ከሆነ በሁለቱም በኩል 32 በመቶ። ገንዘቡ ያለው ክሩ ላይ ነው። በክብደት የበለጠው ክር ልብሱን ይወስናል፤ እኩል ከሆኑ ደግሞ በታሪፍ መጽሐፉ ወደ ኋላ ያለው ያሸንፋል። ስለዚህ 50 በ50 ጥጥና ፖሊስተር የሆነ ቲሸርት እንደ ፖሊስተር ይቆጠራል። እያንዳንዱ 4 ዶላር የሆነ 2,000 ቲሸርት 8,000 ዶላር ነው፤ በ52 በ48 ጥጥ ቢሠራ 1,320 ዶላር ይከፈልበታል፣ በ50 በ50 ግን 2,560። ይህን ከፋብሪካው ጋር ከመስማማት በፊት ማወቅ ነው እንጂ ወደብ ላይ ማወቁ ዋጋ የለውም።

ፖሎ ሸሚዝ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ከጥጥ የተሠራ የወንድ ፖሎ በ6105 ሲገባ 19.7 በመቶ ነው። ከወገብ በታች ኪስ ካለው፣ ታቹ በሪብ የሚጠበብ ከሆነ፣ ወይም ጨርቁ ሳሳ ብሎ የተሠራ ከሆነ ወደ 6110 ይሄዳል፣ 16.5 በመቶ። ጨርቁ ሳሳ ማለቱ የሚለካው ቢያንስ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቦታ ላይ ዐይኖቹን በመቁጠር ነው፤ በቁመትም በአግድምም በአማካይ በሴንቲ ሜትር ከ10 በታች መሆን አለባቸው። ጨርቁን ሳትወጥሩ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፣ ማስመሪያና አጉሊ መነጽር ያዙ። የተወጠረ ጨርቅ ዐይኑ ያነሰ መስሎ ይታያል፤ ስህተቱ በብዛት ከዚያ ይመጣል።

ተመሳሳይ ውሳኔ ክሮስ ላይ ካልተገኘ ኢ-ሩሊንግ አለ። በአንድ ጥያቄ የአንድ ዓይነት እስከ አምስት ዕቃ ይፈቀዳል፤ መልሱ የሚመጣው ኒውዮርክ ካሉት የሸቀጥ ባለሙያዎች ሲሆን ብዙውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ጉዳዩ ወደ ዋና መሥሪያ ቤት ከተመራ ይረዝማል። ለልብስ ናሙና መላክ ይሻላል፤ ፎቶ ላይ የክር ዐይን አይቆጠርም። የሚጠየቀውም ገና ላልገባ ዕቃ ነው። ውሳኔው ለሁሉም ክፍት ሆኖ ስለሚወጣ የንግድ ምስጢር አትጻፉበት።

ጉድለቶቹም መነገር አለባቸው። ፍለጋው የጉምሩክ እንግሊዝኛ ይፈልጋል፤ በሱቅ ስም ፈልጎ ብዙ አይገኝም። አንዳንድ የቆየ ውሳኔ ተሽሯል ወይም ተሻሽሏል፣ ምልክቱን ሳያዩ ቁጥሩን መቅዳት አደገኛ ነው። የሚጻፈው ቀረጥም ብዙውን ጊዜ መደበኛው ነው፤ በየአገሩ የተጨመረውን ታሪፍ ለብቻ ማጣራት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት ሕግ) ስለወጣች፣ እዚያ የተሰፋ ቲሸርትም በዚህ መደበኛ ቀረጥ ነው የሚታሰበው።

ከአዲስ አበባ ሀበሻ ቀሚስ የሚያስመጡ ደግሞ የታሪፍ መጽሐፉን ምዕራፍ 61 (የሹራብ ልብሶችን) ይለፉት። ሽመና ስለሆነ ምዕራፍ 62 ውስጥ ነው፤ ነጠላውም በ6214 ይታያል።

ለእኛ ከአምስት አራት ኮከብ ይገባዋል። አንዷን ያስቀነሰው ፍለጋው ነው። ውሳኔው ሲደርሳችሁ የውሳኔውን ቁጥር ለብሮከራችሁ (ለጉምሩክ ወኪላችሁ) ስጡና ዕቃው ሲገባ ሰነዱ ላይ ያስፍረው፤ የተላከው ልብስ ግን በውሳኔው ከተገለጸው በክር ድርሻም ሆነ በአሠራር ከተለየ ውሳኔው አያገለግልም።